የአስትሊ ክብ ሜዳ፦ ከሴሲል ኮርት እስከ ላምቤዝ

ለንደን ውስጥ ከትራፋልጋር አደባባይ እልፍ ብሎ ሴሲል ኮርት የምትባል አጭር መንገድ አለች። ግራና ቀኟ አሮጌ መጻሕፍትና ሥዕሎች የሚሸጡባቸው ሱቆች ናቸው። የሄድኩት አንድ ሥዕል ፍለጋ ነበር፤ በ1808 የታተመውን የአስትሊ አምፊቲያትር፤ ፊሊፕ አስትሊ የሚባል ፈረሰኛ ያቆመውን የፈረስ ትርኢትና የሰርከስ ቤት የሚያሳየውን። ባለሱቁ ከሰፊ አቃፊ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ።

ሥዕሉን ሁለት ሰዎች ተካፍለው ነው የሠሩት። ኦገስተስ ፑጂን ሕንፃውን፣ ቶማስ ሮውላንድሰን ሰዎቹን ሣሉ። ከዚያ በአሲድ በተቀረጸ የመዳብ ሰሌዳ ታተመ፤ ቀለሙ ግን በእጅ የተቀባ ነው። የሁለቱ ጠባይ በዓይን ይለያል። የፑጂን መስመር ቀጥ ያለና የተለካ ነው፤ የተመልካቹን ሰገነት እርከን በእርከን ይደረድራል። የሮውላንድሰን ሕዝብ ደግሞ ይጋፋል፣ ያወራል፣ አንገቱን ያሰግጋል። ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ክቡ ሜዳ፣ በሜዳው ላይም ፈረስና ጋላቢ። ሕንፃው የቱንም ያህል ቢያምር ዓይን ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ እኔም ከዚያ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ከሱቁ ወጥቼ ቦታውን ፍለጋ በእግሬ ወደ ወንዙ ወረድኩ። መንገዴ በዋይትሆል በኩል ስለነበር በንጉሡ የፈረሰኛ ዘብ ፊት አለፍኩ። ይህ አጋጣሚ ደስ አሰኘኝ፤ ፊሊፕ አስትሊም የፈረሰኛ ጦር ሰው ነበርና። በ1742 የተወለደው የአናጺ ልጅ በ15ኛው ቀላል ፈረሰኛ ጦር ተዋግቶ በሻለቃ ባሻነት ተሰናበተ። በ1768 ዛሬ የዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ባለበት አካባቢ የግልቢያ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ጠዋት ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ትርኢት ያሳያል። ባለቤቱም ትጋልብ ነበር።

በፈረስ ላይ ቆሞ መጋለብ የአስትሊ ፈጠራ አይደለም፤ ከእርሱ በፊትም የለንደን ሰው አይቶታል። የእርሱ ብልሃት የሜዳው ልክ ነው። ፈረስ በቀጥታ መስመር ሲጋልብ ተመልካቹን ጥሎት ይሄዳል፣ በክብ ሲዞር ግን ከፊቱ አይጠፋም። ፈረሱ እኩል በሆነ ፍጥነት ሲዞር ጋላቢው ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል፤ ዙሩ ወደ ውጭ የሚገፋውን በዚህ ያካክሳል፣ በኮርቻ ሳይታገዝም ቆሞ ይጋልባል። ክቡ እጅግ ከሰፋ ይህ ድጋፍ ይላላል፤ ከጠበበ ደግሞ ፈረሱ ይቸገራል። አስትሊ በመጨረሻ የረጋበት ስፋት 42 ጫማ፣ 13 ሜትር ገደማ ነው። የዛሬ ሰርከሶችም የሚሠሩት በዚሁ ልክ ነው። በእኔ ዓይን ይህ ከመድረክ ጥበብ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቅ ግኝት ነው፤ መነሻውም የፈረስን እርምጃ ጠንቅቆ ማወቅ ነበር። ገመድ ላይ የሚሄዱትና አስቂኞቹ የተጨመሩት በኋላ ነው፣ ፈረሱ እንዲያርፍ።

የዌስትሚኒስተርን ድልድይ ተሻገርኩ። የአስትሊ ቴአትር የነበረው ከድልድዩ ማዶ፣ ላምቤዝ በሚባለው ሰፈር፣ ከሴንት ቶማስ ሆስፒታል አጠገብ ነው። በ1794 ተቃጠለ፤ አስትሊ ያኔ ዳግም ዘምቶ ፍላንደርዝ ነበር። መልሶ ሠራው። በ1803 እንደገና ነደደ፤ አሁንም ሠራው። ሥዕሉ ላይ ያለው ይህ እርሱ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው ነው። እርሱ በ1814 ፓሪስ ውስጥ ሞተ፤ ቤቱ በ1841 ሌላ እሳት አይቶ፣ ዳግም ተሠርቶ እስከ 1893 ቆየ። ዛሬ አምቡላንስና አውቶቡስ ይተላለፉበታል። ከተማው ለዚህ ቦታ ከዚህ የበለጠ ነገር ሊያደርግለት ይገባ ነበር እላለሁ።

በዚሁ ስፍራ፣ በ1847 ፓብሎ ፋንክ ጉራቻ ባዝራውን ቤዳን ይዞ ቀረበ። የኖርዊች ተወላጅና የአፍሪካ ዝርያ ያለው ጥቁር እንግሊዛዊ ነው፤ የራሱ ሰርከስ ባለቤትም ነበር። ባዝራዋን በሙዚቃ ምት አስረገጣት፤ የለንደን ጋዜጣም ሥዕሉን አትሞ አወደሰው። በዓመቱ ሊድስ ውስጥ የእንጨቱ ሰገነት ተደርምሶ ሚስቱን ሱዛናን ገደለበት። እርሱ ያረፈው በ1871 ነው፤ የተቀበረውም ሊድስ፣ ከእርሷ ጋር፣ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በሚገኘው ሴንት ጆርጅስ ፊልድ። የሊድስን ባቡር ቲኬት የቆረጥኩት በዚያው ምሽት ነው።