ኦርቲጃና ቼፋሉ፦ በጣሊያኗ ደሴት በሲሲሊ ባሕር ዳር አንድ ሳምንት

ከካታኒያ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሳው አውቶቡስ ሲራኩሳ ያደረሰን በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ከባቡር ጣቢያው አሮጌው ከተማ ወዳለበት ወደ ኦርቲጃ ደሴት በእግር 20 ደቂቃ ነው፤ መንገዱም ሜዳ ነው። ድልድዩን ከተሻገርን በኋላ ግን የድንጋዩ ንጣፍ የሻንጣ ጎማ ይፈትናል፤ የጀርባ ቦርሳ ይሻላል።

መኪና ያልተከራየነው አውቀን ነው። ወደ ኦርቲጃ ጎዳናዎች በመኪና መግባት የተገደበ ሲሆን መግቢያዎቹን ካሜራ ይጠብቃቸዋል። እንግዳ የሚሳሳተው ሰሌዳው ላይ ነው፦ «ቫርኮ አቲቮ» የሚለው ጽሑፍ ሲበራ በሩ የተከፈተ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ካሜራው ሥራ ላይ ነው፣ አትግቡ ማለት ነው። ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤት ድረስ ይመጣል፤ መኪና አከራዩም አድራሻችሁን ለፖሊስ ስላቀበለ ብቻ የራሱን ሒሳብ ይጨምርበታል። መኪና የግድ ከሆነ ከድልድዩ በፊት ሞሎ ሳንታንቶኒዮ ላይ አቁሙት። ከአሜሪካ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ዓለም አቀፉንም መያዝ ግዴታ ነው።

ኦርቲጃ ላይ አንድ ሕንፃ ብቻ የማየት ዕድል ቢሰጠን ካቴድራሉን እንመርጥ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን አቴና የምትባለው የግሪኮች ሴት አምላክ ቤተ ጣዖት ነበር፤ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስቲያኖቹ ሳያፈርሱት በዓምዶቹ መካከል ያለውን ክፍተት በግንብ ሞልተው ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። ፊት ለፊቱ ከ1693ቱ ርዕደ መሬት በኋላ ባሮክ በሚባለው ጌጠኛ የአውሮፓ ስልት የተሠራ ስለሆነ ከአደባባዩ ብቻ ያየው ሰው ይህን ሳያውቅ ይሄዳል። በግራ በኩል ወዳለው ጎዳና ዙሩ፤ ወፋፍራሞቹ የግሪክ ዓምዶች ከግድግዳው ወጣ ብለው ይታያሉ።

ለመዋኘት አሸዋ አትጠብቁ፤ ኦርቲጃ ዐለት ነው። ካላ ሮሳ የምትባለው ትንሽ የጠጠር ዳርቻ በምሥራቅ ስላለች ፀሐይዋ የጠዋት ናት። ዐለቱ ላይ እሾሃም የባሕር ፍጥረት ስለሚጣበቅ የጎማ ጫማ ሳያደርጉ መርገጥ አይገባም።

ገበያው ከእሑድ በስተቀር በየጠዋቱ አለ። ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ እራት ቤቶችም ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት እምብዛም አይከፍቱም። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍነው፤ የእነሱ ሰሌዳ ላይ 13:00 ማለት 7 ሰዓት ነው።) ምግብ ቤት ውስጥ የሚያስደነግጠው የዓሣ ዋጋ ነው። ዝርዝሩ ላይ 7 ዩሮ ካያችሁ ለአንድ «ኤቶ» ማለትም ለ100 ግራም ሊሆን ይችላል፤ 600 ግራም የሚመዝን ዓሣ 42 ዩሮ ገባ ማለት ነው። ሳይጠበስ አስመዝኑ። «ኮፔርቶ» የሚባለው በየሰው የሚታሰብ የገበታ ክፍያም አለ፤ ጉርሻ ግን አይደለም።

በኦገስት የሚመጣ ጿሚ ፍልሰታ ላይ ይወድቃል። ያኔ ካፖናታ ያዋጣል፦ ደበርጃን፣ ቲማቲም፣ ሰለሪና ወይራ በኮምጣጤና በስኳር። በውሃና በለውዝ (አልሞንድ) የሚሠራ ግራኒታ የሚባል የተፈጨ በረዶም አለ፤ አብሮት የሚቀርበው ዳቦ ግን ቅቤና እንቁላል አለበት። ኦገስት 15 የማርያም ዕርገት በዓል ነው፤ አገሩ ሁሉ ባሕር ዳር ስለሚወርድ አልጋ ይወደዳል። ሴፕቴምበር ይሻላል፣ ባሕሩም ገና ሞቃት ነው።

ወደ ቼፋሉ በባቡር ሜሲና ላይ መቀየር ያስፈልጋል፤ ከ5 ሰዓት በላይ የሚፈጅ መንገድ ነው። የወረቀት ትኬት የያዘ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ማሽኑ ላይ ማስመታት አለበት፤ ያለዚያ ትኬት ይዞም ይቀጣል።

ቼፋሉ አሸዋ አለው፣ ጥልቀቱም ቀስ እያለ ስለሚጨምር ለልጆች ይመቻል። ከከተማዋ በላይ ያለው ዐለት፣ ላ ሮካ፣ 270 ሜትር ገደማ ነው። ጫፉ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ያስወጣል፤ ጥላ የለውም፣ የብዙ ሰው እግር ያለሰለሰው ድንጋይ ያንሸራትታል። ጠዋት በማለዳ፣ ጥሩ ጫማ አድርጋችሁ፣ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ይዛችሁ ውጡ። ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ ሲኖር ይዘጋል።

ከሥሩ ያለውን ካቴድራል ንጉሥ ሮጀር ዳግማዊ ያስጀመረው በ1131 ነው። ከመሠዊያው በላይ ያለው ሞዛይክ (በጥቃቅን ባለቀለም ጠጠሮች የተሠራ ሥዕል) ግሪኮቹ «ፓንቶክራቶር» የሚሉት ክርስቶስ ነው፤ በጸሎተ ሃይማኖት «አኃዜ ኵሉ» የምንለው ቃል ማለት ነው። በግራ እጁ የያዘው መጽሐፍ ተገልጧል፤ በግሪክኛና በላቲን «እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ» የሚለው የዮሐንስ ወንጌል ቃል ተጽፎበታል። ትከሻና ጉልበት የሚያሳይ ልብስ አያስገባምና ነጠላ ቢጤ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ስንወጣ ቁልቁል ወደ ጥንቱ የልብስ ማጠቢያ ወረድን። የወንዙ ውሃ በአንበሳ አፍ እየወጣ ከድንጋይ በተጠረቡት ገንዳዎች ያልፍና ባሕር ይገባል። ደረጃው እርጥብ ነው፤ ግድግዳውን ይዛችሁ ውረዱ።