ካንሰሩ ሲመለስ፦ ለሁለተኛው ህክምና ገንዘብ ያሰባሰብንበት መንገድ

ታማሚው 24 ዓመቱ ነው። ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰር መጀመሪያ ሲገኝበት ስድስት ዙር ኬሞ ወስዶ፣ ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አንገቱ ሥር ያለው ንፍፊት እንደገና አበጠ። ናሙና ተወስዶ ሲታይ ያው ካንሰር ነው። እኔ የገንዘብ አሰባሳቢ ኮሚቴው ጸሐፊ ስለነበርኩ መዝገቡ እጄ ላይ ነው፤ የምጽፈውም ከእሱ ነው።

ከሁሉ በፊት ለሐኪሙ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ። ብዙ ቤተሰብ ፈርቶ ያልፈዋል። «ይህ ህክምና ለመዳን ነው ወይስ ዕድሜ ለማራዘምና ሥቃይ ለማስታገስ?» ለሁለቱም ገንዘብ ቢሰበሰብ ተገቢ ነው፤ የገንዘቡ መጠንና ለሰው የሚነገረው ቃል ግን ይለያያል። ሆጅኪን ሊምፎማ ተመልሶም ሊድን የሚችል ካንሰር ነው። መጀመሪያ ከበፊቱ የተለየ ኬሞ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይሰጣል። ካንሰሩ ለኬሞው ከተሸነፈ የታማሚው የራሱ ስቴም ሴል፣ ማለትም ደም የሚያመነጨው ሴል፣ ከደሙ ተለቅሞ በቅዝቃዜ ይቀመጣል። ከዚያ መቅኔውን ጭምር የሚያጠፋ ከባድ ኬሞ ይወስድና የተቀመጠው ሴል ይመለስለታል፤ ንቅለ ተከላ የሚባለው ይህ ነው። በዚህ መንገድ ካለፉት ግማሽ ያህሉ ይድናሉ። ስለዚህ ለማንም «ይድናል» አላልንም። «የመዳን ዕድል ያለው ህክምና አለ፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው» አልን። ካንሰሩ ለኬሞው ካልተሸነፈ ንቅለ ተከላው ሊቀር እንደሚችልና ያኔ ገንዘቡ በሐኪም ትእዛዝ ለሌላ ህክምና እንደሚውልም በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ አስገባን። ይህን መጀመሪያ ያልተናገረ ኮሚቴ ነገሩ ሲለወጥ የሚያስረዳው ቃል ያጣል።

ቀኑን የሚቆርጠው ገንዘቡ ሳይሆን ኬሞው ነው። ጂዲፒ የሚባለው ኬሞ በየ21 ቀኑ ይሰጣል፤ ሦስት ዙር ማለት ዘጠኝ ሳምንት ነው። ከመጨረሻው ዙር በኋላ ብዙ ከተቆየ ካንሰሩ መልሶ ያንሰራራል። ስለዚህ ዘጠኝ ሳምንት አለን ብለን ተነሣን። ንቅለ ተከላው የሚደረገው ሕንድ ነው፤ ሦስቱንም ዙር ኬሞ ግን አዲስ አበባ ላይ ማድረጉ በጣም ጠቀመን፤ ገና ከጅምሩ ሕንድ ቢሄድ ኖሮ የሁለት ወር ኪራይና ቀለብ ይጨመር ነበር። መድኃኒቱን ግን ለእያንዳንዱ ዙር በመጨረሻ ሰዓት አትፈልጉት። ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲጠፋ ከነማ፣ ከነማ ሲጠፋ የግል መድኃኒት ቤት እያሉ ሳምንት ያልፋል። የሦስቱንም ዙር አንድ ላይ ገዝተን፣ የሚያበቃበትን ቀን አይተን፣ ደረሰኙን አስቀመጥን።

የሕንዱ ሆስፒታል ለንቅለ ተከላው የጠየቀው ዋጋ 18,000 ዶላር ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆምና ያንኑ ቁጥር ለሕዝብ ይናገራል፤ እኛ ግን ዋጋው የማያካትተውን በጽሑፍ ጠየቅን። መልሱ ረጅም ነበር። ከንቅለ ተከላው በፊት የሚደረጉት ምርመራዎች፣ ከ25 ቀን በላይ ያለው አልጋ፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) እና ደም፣ ውድ የሆኑት የፈንገስና የኢንፌክሽን መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ስቴም ሴሉ ከመቅኔ ወደ ደም እንዲወጣ በሚሰጠው መርፌ ብቻ አልወጣ ካለ የሚጨመረው ፕሌሪክሳፎር የሚባል መድኃኒት ሁሉም ለብቻ ይከፈላሉ። ለምርመራው 1,500፣ ላልታሰበው የዋጋውን 20 በመቶ ማለትም 3,600፣ ለታማሚውና ለሁለት አስታማሚ ትኬትና ቪዛ 2,200፣ ለአሥር ሳምንት ኪራይና ምግብ 2,200 ያዝን። ለወጣት የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ከባዱ ኬሞ መካን ሊያደርግ ስለሚችል አስቀድሞ ዘር ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ለዚህ 500። ድምሩ 28,000 ዶላር መጣ። የዘር ማስቀመጫውን ወጪ ለሰው ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ልጁ ራሱ «በዝርዝሩ ላይ 'ሌሎች ምርመራዎች' በሉት» አለ፣ እንዲሁ ሆነ። አዋቂ ነው። ፎቶውንም፣ የበሽታውን ስምም፣ የሚለጠፈውን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገርም እሱ ሳያየው አላወጣንም። ፀጉሩ የረገፈበትን ፎቶ አልፈልግም ሲል በሥራ ልብሱ የተነሣውን ተጠቀምን።

ሂሳቡን በሦስት ሰዎች ፊርማ ከፈትነው፦ አንድ ከቤተሰብ፣ አንድ ከዕድሩ፣ አንድ ከመሥሪያ ቤቱ። ሁለቱ ሳይፈርሙ ገንዘብ አይወጣም። ለመክፈት የሆስፒታሉን ማስረጃና የቀበሌውን የድጋፍ ደብዳቤ ይዘን ሄድን። በቴሌብር ካልሆነ አልችልም የሚል ሰው ብዙ ስለነበረ ከሦስቱ በአንዱ ስም ቁጥር ተያዘ፤ የገባው ግን በየማታው ወደ ጋራ ሂሳቡ ይዛወርና የዝውውሩ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። አንድ ቀን እንኳ ከተዘለለ ሐሜት ይነሣል።

ጽሑፋችን በወጣ በአራተኛው ቀን ፎቶው እንዳለ ሆኖ ሂሳብ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሮ በሌላ ገጽ ታየ። ይህ በሁሉም ላይ የሚደርስ ነው፤ ከመጀመሪያው ተዘጋጁበት። ከዚያ በኋላ በየጽሑፉ ሥር የሂሳቡን ሙሉ ስም አስገባንና «ከመላካችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ይህ ስም ካልወጣ አትላኩ» አልን። የንግድ ባንክ ቁጥር 13 አሃዝ ስለሆነ በጆሮ የሰማ ሰው አንዷን ይስታል፤ በስልክ ለሚጠይቁ አዛውንቶች በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር የምንልከው።

ከባዱ ነገር ሰውን ገንዘብ ስንጠይቅ ሁለተኛችን መሆኑ ነው። የዕድሩ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነሥተው «ልጄ፣ ያኔ ድኗል ብላችሁ ቡና አፍልታችሁ አላመሰገናችሁንም እንዴ?» አሉኝ። ክፋት የለበትም፤ ሁሉም የሚያስበውን ነው የተናገሩት። «እትዬ፣ ያኔ ምርመራው ንጹሕ ነበር፤ ወረቀቱ ይኸው። ይህ በሽታ አንዳንዱ ላይ ተደብቆ ይቆያል። የዛሬው ኬሞ የድሮው አይደለም» አልኳቸውና ሁለቱን ወረቀት በእጃቸው ሰጠኋቸው። ቤቱን የለወጠው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን መዋጮ ገቢና ወጪ፣ 214,000 ብር ገብቶ በምን በምን እንደወጣ፣ ደረሰኙ የጠፋውን 6,300 ብር ጭምር፣ በአንድ ገጽ አሳትመን አደልን። የጠፋውን ባንጽፈው ኖሮ የሚያምነን አልነበረም። ሁለተኛ የምትጠይቁ ከሆነ የመጀመሪያውን ሂሳብ ሳትዘጉ አትነሡ።

ዕድሮች ብዙዎቹ ለሞት እንጂ ለሕመም አይከፍሉም፤ ደንባቸው ነው። ስለዚህ ከካዝና ስጡን አላልንም። በወርሃዊ ስብሰባው ላይ አሥር ደቂቃና ለአባላቱ በፈቃዳቸው የሚዞር መዝገብ ጠየቅን። መኪና ላይ ድምፅ ማጉያና ባነር ይዞ መውጣት ለአንድ ቀን ሞክረናል። የወረዳውና የፖሊስ ፈቃድ፣ መኪና፣ ነዳጅ፣ ሳጥን ተሸካሚ ወጣቶች፣ ይህ ሁሉ ተቀንሶ የተረፈው አንድ መሥሪያ ቤት በደመወዝ ቀን ካዋጣው ያነሰ ስለነበረ አልደገምነውም። ጉልበታችሁን በመሥሪያ ቤቶች ላይ አውሉ፤ ጽሑፉም ከወሩ 25 በኋላ ይውጣ። ቲክቶክ ላይ በቀጥታ ስርጭት የሚገኘው ስጦታ ግማሽ ያህሉ እዚያው ይቀራል። ስርጭት የሚያደርግላችሁ ሰው ካለ ስጦታ ከማሰባሰብ ይልቅ የሂሳብ ቁጥሩን ያሳይ።

ውጭ ያሉትን በተመለከተ፣ በኢንተርኔት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ላለ ባንክ አይከፍልም፤ የሚከፍተው አሜሪካ የሚኖር ዘመድ ነው፣ ገንዘቡም ወደ እሱ ባንክ ይገባል። ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። አሥር ዶላር የሰጠ ሰው 59 ሳንቲም፣ መቶ የሰጠ 3 ዶላር ከ20 ይቆረጥበታል። ስለዚህ ለቅርብ ሰዎችና ለቤተ ክርስቲያን ማኅበር ዜል (በአሜሪካ ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ የሚላክበት)፣ ለማያውቁን ደግሞ ጎፈንድሚ ሆነ። በዚህ መንገድ 9,400 ዶላር ተገኘ። ወደ ብር አልቀየርነውም፤ ዘመዳችን በቀጥታ ሕንድ ወዳለው ሆስፒታል ላከው፣ የባንኩን የዝውውር ወረቀት ለጠፍን። ዓረብ አገር ላሉ እህቶቻችን ግን «አሰባስቡልን» አትበሉ። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ያለ ፈቃድ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ መቀስቀስም ጭምር፣ በሕግ ያስቀጣል። ዱባይ ያለች አንዲት ልጅ የዋትስአፕ ቡድን ከፍታ ስለነበር እንድትዘጋው ነገርናት። እያንዳንዷ ለየራሷ ለቤተሰቡ መላክ ግን ትችላለች።

ትልቁ ስህተታችን የወረቀት ቅደም ተከተል ነው። በዚያን ጊዜ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ባንክ ለውጭ ህክምና ዶላር የሚሸጠው ህክምናው አገር ውስጥ እንደማይሰጥ የሐኪሞች ቦርድ ሲያረጋግጥና የውጭው ሆስፒታል የዋጋ ደብዳቤ ሲቀርብ ነበር፤ ገንዘቡንም በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይልክ ነበር። እኛ ይህን «ገንዘቡ ሲሞላ እናደርገዋለን» ብለን አሳደርነው። በሰኔ መጨረሻ 1,020,000 ብር ነበረን። ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ስለነበረ ያ ማለት ወደ 17,900 ዶላር ነው፤ ከውጭው ጋር ሲደመር 27,300፣ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዚያው ቀን ዶላሩ በንግድ ባንክ ወደ 75 ገባ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የቦርዱ ወረቀት የወጣልን ሐምሌ 26 ነው። ባንኩ ሲልክልን ያው 1,020,000 ብር ወደ 10,000 ዶላር ብቻ ሆነ። ሰው የሰጠው ገንዘብ ሒሳብ ላይ እንደተቀመጠ 7,900 ዶላር ያህል ቀለለ። ወረቀቱ በግንቦት ቢወጣ ኖሮ በየሁለት ሳምንቱ ያለንን እየላክን ማስያዝ እንችል ነበር፤ ሆስፒታሉም ቅድሚያ ክፍያ በከፊል ይቀበላል። ቦርዱ የፓቶሎጂ ውጤት፣ የቀድሞው ህክምና ማጠቃለያና የሪፈር ወረቀት ይጠይቃል። ካንሰሩ መመለሱ በታወቀ በመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር፤ አንድ ብር ሳይሰበሰብ።

የመዘግየቱ ዋጋ በገንዘብ ብቻ አልቀረም። ካንሰሩ እንዳያንሰራራ ሐኪሙ አራተኛ ዙር ኬሞ ጨመረበት፤ ያ ዙር ለእሱ ያስፈለገው በእኛ ወረቀት ምክንያት ነው።

የጎደለውን 8,600 ዶላር የሞላነው እውነቱን በመንገር ነው። «የሰጣችሁት አልጠፋም፤ ምንዛሬው ተለውጦ ይህን ያህል ጎደለ» ብለን ሁለቱን ስሌት ጎን ለጎን ጻፍን። ከአሜሪካ 5,200 ዶላር፣ ከዕድሩና ከመሥሪያ ቤቱ ወደ 350,000 ብር ተጨመረ። ከዚያ በኋላ ግባችንን በብር አልተናገርንም፤ በዶላር ተናግረን የዕለቱን ብር ከጎኑ እናስቀምጣለን።

ሕንድ ላይ ያላሰብነው የፕሌትሌት ለጋሽ ፍለጋውን ነው፤ የደም ባንኩ ምትክ ለጋሽ አምጡ ይላል፣ እንግዳ ሰው ደግሞ ከየት ያመጣል? እዚያ የሚማሩ የሀበሻ ተማሪዎችን አስቀድማችሁ ፈልጉ። ኪራይ ቤቱ ሆስፒታሉ አጠገብ ይሁን፤ ከወጣ በኋላ ትኩሳት ከያዘው በሌሊት ሊመለስ ይገባል። ምግቡ ሁሉ በስሎ የሚበላ ስለሆነ ማብሰያ ያለው ክፍል ተከራዩ፣ ሽሮና በርበሬውን ከዚህ ያዙ።

ሲመለስ 2,140 ዶላር ያህል ተርፎ ነበር። ሂሳቡን አልዘጋነውም። ንቅለ ተከላው የልጅነት ክትባቶችን መከላከያ ስለሚያጠፋ ከስድስት ወር ጀምሮ እንደገና ይከተባል፤ ለዚያና በየሦስት ወሩ ለሚደረገው ክትትል ሦስቱም ፈራሚዎች ለሁለት ዓመት እንዲቆዩ ተስማምተናል፤ የሂሳቡ መግለጫም በየሦስት ወሩ ቴሌግራሙ ላይ ይወጣል።