«ቢሎንግ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ሳጠና የደረስኩበት

በእንግሊዝኛ ጥናቴ ሰሞኑን ጊዜ ሰጥቼ የያዝኩት «ቢሎንግ» የሚለውን ግስ ስለሆነ፣ እስካሁን የጨበጥኩትን ቋንቋውን በማጥናት ላይ ላላችሁ ላካፍላችሁ ወደድኩ። ብዙዎቻችን ይህን ግስ «ንብረትነቱ የእገሌ ነው» በሚል ፍች ብቻ ይዘነው እናልፋለን፤ ፍቹ ትክክል ቢሆንም የግሱን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም።

በቅድሚያ መታየት ያለበት የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው። «ኦውን» በሚለው ግስ ባለቤት ሆኖ የሚመጣው ሰውየው ሲሆን፣ በ«ቢሎንግ» ግን ዕቃው ነው፤ የንብረቱ ባለቤት የሚመጣው «ቱ» ከሚለው መስተዋድድ በኋላ ነው። (የሰዋስው ምሁሮቻችን ለሁለቱም «ባለቤት» የሚል አንድ ስም መስጠታቸው እዚህ ላይ ትንሽ ያደናግራል።) አማርኛም «መጽሐፍ አለኝ፣ መጻሕፍት አሉኝ» ሲል ግሱን የሚያስማማው ከዕቃው ጋር ስለሆነ አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ «አለኝ» ያልተነገረለትን ነገር ሲያስተዋውቅ «ቢሎንግ» የሚናገረው በአብዛኛው አስቀድሞ ስለታወቀ ነገር መሆኑ ነው፤ በመሆኑም «ቦርሳ አለኝ» ለማለት አይመችም፣ «ይህ ቦርሳ የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን «ኢት ቢሎንግስ ቱ ማይ ሲስተር» ማለት ይቻላል። «የእኔ» ማለት ስለለመድን «ቱ ማይን» ልንል ይቃጣናል፤ ትክክሉ «ቱ ሚ» ነው። ሁኔታን እንጂ ድርጊትን የማይገልጽ ግስ ስለሆነ በተለመደው አነጋገር «ኢዝ ቢሎንጊንግ» አይባልም።

ይበልጥ የሳበኝ ግን ይኸው «ቱ» ከንብረትነት አልፎ የሚሄድበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ክሊፕታውን ላይ የጸደቀው የደቡብ አፍሪካ የነፃነት ቻርተር ሀገሪቱ በውስጧ ለሚኖሩ ጥቁሮችና ነጮች ሁሉ «ቢሎንግስ» ይላል፤ ይኸው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1996ቱ ሕገ መንግሥት መግቢያም ተደግሟል። ሀገር እንደ ቦርሳ የግል ንብረት ስለማትሆን፣ እዚህ ግሱ የያዘው የመብትና የባለአገርነት ጥያቄን ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የአዲስ አበባ ተማሪዎች አደባባይ ይዘውት የወጡትን «መሬት ለአራሹ» ሳስታውስ የ«ቱ» ጉልበት በእኛው «ለ» ውስጥም ይታየኛል፤ ሆኖም መፈክሩ ገና ያልሆነውን የሚጠይቅ ሲሆን ቻርተሩ የሚናገረው ነገሩ ያለቀ ያህል ነው።

መስተዋድዱ ወደ «ኢን» ሲለወጥ ባለንብረቱ ከነጭራሹ ይቀርና ተገቢው ቦታ ይመጣል። ቢላዎቹ በላይኛው መሳቢያ ውስጥ «ቢሎንግ» ያደርጋሉ ሲባል፣ አሁን የትም ይሁኑ የት መቀመጥ ያለባቸው እዚያ ነው ማለት ነው። ለሰው ሲሆን «አይ ዶንት ቢሎንግ ሂር» የሚል ሰው ቦታው ባዕድ እንደሆነበት ወይም ከሰዎቹ ጋር እንዳልተዋሐደ መናገሩ ነው። ስለ ማኅበር አባልነትና ስለ ምድብ ሲነገር ደግሞ «ቱ» ይመለሳል፤ አንበሳ ከድመት አስተኔ (ቤተሰብ)፣ አማርኛም ከሴማዊ ቋንቋዎች የሚመደቡ መሆናቸው የሚገለጸው በዚሁ ነው።

ከግሱ የተገኙት ሁለት ስሞችም መለየት አለባቸው፦ «ቢሎንጊንግ» የባለቤትነት ሳይሆን የወገንነት ስሜት ሲሆን፣ «ስ» ሲጨመርበት የሚገኘው «ቢሎንጊንግስ» ግን ሻንጣና ልብስን የመሰለ የግል ዕቃን እንጂ ቤትንና መሬትን በተለምዶ አይጨምርም።