የቻምበሩን አንገት አጥብቤ ያዘዝኩ ጊዜ

ለረጅም ርቀት ዒላማ የሚሆን ጠመንጃ በራሴ ልክ ሳሠራ አፈሙዙን፣ ሰደፉንና ቃታውን በአንድ ሳምንት መረጥኩ። ጥይቱ 6.5 ክሪድሙር ነው። ጉድ የሠራኝ ቻምበሩ ነው፤ ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት የሚተኛበት ክፍል። እሱን አፈሙዙ ውስጥ የሚቆርጠው ሪመር የሚባል መሣሪያ ነው። ሪመሩ ላይ የታዘዘው ልክ ብረቱ ላይ ይቀራል።

ስለ ቻምበር ያነበብኩት ሁሉ “ጠበብ ሲል ጥሩ ነው” ይል ነበር። አረሩን የሚይዘው የቀለሃው አንገት መላወሻ ካጣ አረሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል ተባለ። አመንኩ። በእጄ ከነበረው ቀለሃ አንድ ጥይት ሞልቼ የአንገቱን ስፋት ለካሁ፤ 7.42 ሚሊሜትር። ሪመሩን በ7.47 አዘዝኩ። 0.05 ሚሊሜትር ክፍተት በቂ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ግሩም ነበሩ። ከዚያ ቀለሃዬ አለቀና የሌላ ፋብሪካ ገዛሁ። የአንገቱ ግድግዳ ውፍረት 0.355 ሳይሆን 0.38 ሚሊሜትር ነበር። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ግን ግድግዳው በሁለት በኩል ነው፤ በመሃል ደግሞ 6.71 ሚሊሜትር አረር አለ። ደምሩት፤ 7.47 ይመጣል። ክፍተቱ ዜሮ ሆነ ማለት ነው።

እኔ ግን አልደመርኩም። ተኩስ ሜዳ ሄጄ የመጀመሪያውን ጥይት ሳስገባ መቀርቀሪያው መጨረሻው ላይ ትንሽ ያዝ አደረገኝ። አዲስ ቀለሃ ስለሆነ ነው ብዬ ገፋሁት። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ተኮስኩ። መቀርቀሪያው አልነሳ አለ። እጀታውን በመዳፌ ደጋግሜ መትቼ ከፈትኩት። የቀለሃው መቀመጫ ላይ የሚያብረቀርቅ ክብ ምልክት ታትሞበታል፤ ባሩዱን የሚለኩሰው መቀጣጠያ ተጠፍጥፎ ጠርዙ ጠፍቷል። ከመጠን ያለፈ ግፊት ማለት ነው። አንገቱ መስፋት ሲያቅተው አረሩን አንቆ ይይዛል፤ የባሩዱ ግፊት ደግሞ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊቴ ነው የሚገፋው።

ቤት ገብቼ አዲስ አረር በዚያ በተተኮሰ ቀለሃ አፍ ላይ አስቀመጥኩ። በደህና ቻምበር የተተኮሰ ቀለሃ አረሩን ያለ ግፊት ይውጠዋል። የእኔ በጣት ብገፋውም አልገባም። ይህን ሙከራ ለማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ማንም አልነገረኝም።

ሪመሩን ለሠራው ባለሙያ ደወልኩ። “በየትኛው ቀለሃ ነው የለኩት?” አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን የትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። የአንገት ልክ ብቻ ይጠይቃል፣ ትሞላለህ፣ ያልቃል። የክሪድሙር ጥይት አንገት በደረጃው መሠረት እስከ 7.49 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል። የኔ ቻምበር ከዚያ ያንሳል። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ይህን አይቶ ዝም ማለት አልነበረበትም። እኔም ሳላነብ መፈረም አልነበረብኝም።

ግድግዳው እንዲሳሳ የሁለት መቶ ቀለሃ አንገት በእጅ መላጥ ጀመርኩ። ከሠላሳው በኋላ ጣቶቼ ደነዘዙ። ተውኩት። አዲስ ሪመር በ7.55 አዘዝኩ፤ የአፈሙዙ ኋላ ተቆርጦ ቻምበሩ እንደገና ወጣ። ጠባብ ይሻላል የሚሉኝ አሁንም አሉ። ቀለሃ መላጥ የሚወድ ይሞክር፤ ለእኔ ግን በወፍራሙ ቀለሃ ላይ 0.08 ሚሊሜትር ክፍተት ካልተረፈ ሪመር አይታዘዝም። ዒላማው ላይ ልዩነት አላየሁም።

የቀረው ቀላል ነው። መጀመሪያ አረሩን ምረጡ፤ ከዚያ ካርታው፣ ማለትም የጠመንጃው ጥይት መያዣ፣ የሚችለውን የጥይት ርዝመት ለኩ። መመሪያው ላይ ያለውን 71.76 ሚሊሜትር እኔ አልከተልም፤ ካርታዬ ከዚያ የረዘመ ይይዛል። በዚያ ርዝመት የተሞላ፣ ባሩድና መቀጣጠያ የሌለው ጥይት ለሪመር ሠሪው ላኩለት። የአፈሙዙን ጉሮሮ፣ ከቻምበሩ ፊት አረሩ የሚገባበትን ክፍል፣ ትንሽ አጠር አድርጉት፤ እየተተኮሰ ሲበላ ወደ ፊት ይሸሻል፣ አረሩንም ከቀለሃው ወደ ፊት እያወጣችሁ ትከተሉታላችሁ። ቻምበሩ ሲያልቅ ርዝመቱን በሚፈትሹት ሁለት መለኪያዎች እናንተው ፊት ይፈተሽ፦ አጭሩ ላይ መቀርቀሪያው ይዘጋል፣ ረጅሙ ላይ አይዘጋም።

አሮጌው ሪመር መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ባለፈው አንድ ጓደኛዬ አውሰኝ አለኝ። ቀለሃህን አምጣና እንለካ አልኩት። አላመጣም፤ እኔም አልሰጠሁትም።