የጎንዶላ ሥልጠና ስትወስዱ የፍሬን ማንሻውን በእጃችሁ ሳትይዙ አትፈርሙ

ጎንዶላ የምንለው ከሕንፃ አናት በብረት ገመድ ተንጠልጥሎ በሞተር የሚወጣና የሚወርደውን የሥራ መድረክ ነው። ደሴ ላይ ፎቅ እየበዛ ሲሄድ ቀለም ቀቢውም፣ አሉኮቦንድ ገጣሚውም፣ መስታወት አጽጂውም የባህር ዛፍ አጠናውን ትቶ ወደ እሱ ዞሯል። እኔ የቀለም ቡድን ይዤ ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ደህና ሥራ አገኘሁና “የጎንዶላ ኦፕሬተር ሠርተፍኬት ከሌላችሁ አትወጡም” ተባልን። አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ልጆች ይዤ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት አንድ ሰው ጎትቶ ቁጭ አድርጎ ይህን ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ምዝገባው አያስቸግርም። የመታወቂያ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ከአሠሪ ደብዳቤ፣ የጤና ምርመራ ወረቀት፣ በቃ። የጤናውን ወረቀት ግን ለፎርማሊቲ ብላችሁ አታሠሩት። የሚጥል በሽታ ወይም ማዞር ያለበት ሰው ደብቆ ከወጣ አብሮት ያለውንም ይዞ ነው የሚሄደው። ሥልጠናው ኮምቦልቻ ነበር፤ ጠዋት ሐረጎን ቁልቁል፣ ማታ ሽቅብ፣ ሦስት ቀን።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጥሩ ነበሩ፤ ይህን መካድ አልፈልግም። አሠልጣኙ ስለ ገመድ የሚያውቀውን ሳይሰስት አስተማረን። እያንዳንዱ ጎን ሁለት የብረት ገመድ አለው፤ አንዱ ሞተሩ የሚወጣበት የሥራ ገመድ፣ ሌላው ሴፍቲ ሎኩ፣ ማለትም መድረኩ ሲያዘም ወይም የሥራ ገመዱ ሲበጠስ ነክሶ የሚይዘው መቆለፊያ፣ የሚይዘው የደኅንነት ገመድ። ገመዱ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ክላምፕ ከሦስት እንዳያንስ፣ የክላምፑ ኮርቻ ጭነት በሚሸከመው ገመድ በኩል፣ የዩ ቅርጽ ያለው ብረት በጭራው በኩል መሆን እንዳለበት እዚያ ነው በትክክል የገባኝ። ከዚያ በፊት እንደ መጣልኝ ነበር የማስረው። ሴፍቲ ቤልትን ከጎንዶላው አጥር ጋር ማያያዝ ከንቱ መሆኑንም እዚያ ተማርኩ፤ ጎንዶላው ከወደቀ አብራችሁ ትወድቃላችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ገመድ ከሕንፃው ኮለን ጋር ታስሮ ለብቻው መውረድ አለበት። ገመዱ ፓራፔቱ (የጣሪያው ዙሪያ ግንብ) ጠርዝ ላይ እንዳይበላ ጨርቅ ወይም የጎማ ቁራጭ ከሥሩ ይደረጋል።

የጽሑፍ ፈተናው ግማሽ ቃላቱ እንግሊዝኛ ነበር። አብረውኝ ከሄዱት አንደኛው ከማናችንም በላይ ከፍታ ላይ የሠራ፣ የገመድ ክር ሲበጠስ በጓንት ዳሶ የሚያውቅ ልጅ ነው፤ ወደቀ። ጎንዶላ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሌላ ሠልጣኝ ከፍተኛ ውጤት አመጣ። ልጁ በሚኒባሱ ሐረጎን ስንወጣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በአማርኛ ቢጠይቁት ያስተምራቸው ነበር። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ነገሩ የተበላሸው ግን በሦስተኛው ቀን ነው።

ሦስተኛው ቀን የተግባር ልምምድ ነበር። ግቢው ውስጥ ዜድኤልፒ 630 የሚባል ባለ 6 ሜትር ጎንዶላ ቆሟል፤ እኛም የምንሠራበት ዓይነት ነው። ግን የመብራት መስመር አልተዘረጋለትም። ተራ በተራ ገብተን ቆምን፣ አሠልጣኙ ቁልፎቹን በጣቱ እያመለከተ “ይሄ ወደ ላይ፣ ይሄ ወደ ታች፣ ቀዩ ማቆሚያ” አለን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ወረድን። ከዚያ ቅጽ መጣ። ሰባተኛው መስመር ላይ “ኃይል ሲቋረጥ መድረኩን በእጅ ማውረድ በተግባር ተለማምጃለሁ” ይላል። ጠየቅኩት። “መብራት ከጠፋ ምንም አትንኩ፣ ባላችሁበት ጠብቁ፣ ወይ ይመጣል ወይ ጀነሬተር ይነሣል” አለኝ። ሰዓቱ መሽቷል፣ ሰው ሁሉ ሚኒባስ እንዳያመልጠው ቸኩሏል። ፈረምኩ። ፈተናውን ያለፈውንም ልጅ “ፈርም” አልኩት።

በሚያዝያ ወር ፒያሳ አካባቢ ያለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ እየቀባን ነበር። እኔና ፈተናውን ያለፈው ልጅ ስድስተኛው ፎቅ ላይ ነን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሞተሩ በድንገት ዝም አለ። ከታች ያሉት ጋሼ ዘበኛው “መብራት የለም! ሰፈሩ ሁሉ የለም!” ብለው ጮኹ። ጀነሬተሩስ ስል ኮንትራክተሩ ጠዋት ለሌላ ሳይት አስጭኖታል። ኮምቦልቻ ላይ ቢሆን ኖሮ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይቻል ይሆናል። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ግድም ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በልግ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ጉሙም ከጦሳ ተንከባሎ ይወርዳል። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ነፋሱ ከግድግዳው ያላትመን ጀመር፣ ካፊያውም መጣ። ልጁ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ “ጋሼ፣ እስከ መቼ ነው?” አለኝ።

በእጅ ማውረጃው እያንዳንዱ ሞተር ላይ አለ። ፍሬኑን የሚለቅ ማንሻ ነው፤ ከፍ ሲያደርጉት መድረኩ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ሲለቁት ይይዛል። ይህን በወሬ አውቀዋለሁ፣ ነክቼው ግን አላውቅም። ማንሻውን ፈልገን ለማግኘት ብቻ አምስት ደቂቃ ፈጀብን። ከዚያ “አንሣ” አልኩት። እኔ አንሥቼ ያዝኩ። እሱ መድረኩ ሲንቀሳቀስ ደንግጦ ለቀቀ። የእኔ ጎን ወረደ፣ የእሱ ቀረ። የቀለሙ ቆርቆሮ ከእሱ እግር ሥር ተንሸራቶ መጥቶ ቁርጭምጭሚቴን መታኝ። ወዲያው “ቀጭ” የሚል የብረት ድምፅ ሰማሁ፤ በእኔ በኩል ያለው ሴፍቲ ሎክ የደኅንነት ገመዱን ነክሶ ያዘ።

ሎኩ ሥራውን ነው የሠራው። ይህ ዓይነቱ መድረኩ ከ3 እስከ 8 ዲግሪ ካዘመመ እንዲይዝ የተሠራ ነው። እኛ ግን መብራት በሌለበት፣ ዘምመን፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቆመን ቀረን። ማንሻውን ደጋግሜ አነሣሁ፤ አይነቃነቅም። ልጁ “ያ ረቢ” እያለ የራሱን ገመድ በሁለት እጁ ይዟል። ከዚያ “ጋሼ፣ የሎኩን ክንድ ወደ ላይ ስበን በሽቦ እንሰረው? ሌላ ሳይት ላይ እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ” አለኝ። ሽቦ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ሰውነቴ ይቀዘቅዛል፤ ክንዱ በሽቦ ከታሰረ ሎኩ የለም ማለት ነው፣ የሥራ ገመዱ ቢበጠስ የሚይዘን አንድም ነገር አይኖርም።

ሽቦውን ትቼ ስልኬን አወጣሁ። ኮምቦልቻ የማውቃቸው በፋብሪካ ጥገና ያረጁ አንድ መካኒክ አሉ። ደወልኩ። አልተቆጡኝም። “የማን ጎን ነው ዝቅ ያለው?” አሉ።

“የኔ።”

“እንግዲያው ያንተን ተወው፣ እጅህን አንሣበት። ከፍ ያለው ነው መውረድ ያለበት። ልጁ በጣም ቀስ አድርጎ፣ አንድ ጊዜ አንሥቶ ይልቀቅ፣ እንደገና አንሥቶ ይልቀቅ። መድረኩ ሲስተካከል ሎኩ ራሱ ይፈታል።”

ልጁ አነሣ፣ ለቀቀ። ስንዝር ወረደ። እንደገና። በስድስተኛው ጊዜ ይመስለኛል፣ ሎኩ ላይ ያለችው ትንሽ ጎማ በሥራ ገመዱ ተገፍታ ወደ ቦታዋ ስትመለስ በዓይኔ አየሁ። ሎኩ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ እኔ “አንድ” ስል ሁለታችንም እናነሣለን፣ “ሁለት” ስል እንለቃለን። መሬት ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ዘበኛው ልጁን አቅፈው ጋቢያቸውን አለበሱት። መብራቱ የመጣው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

በሳምንቱ ወደ ሥልጠናው ቦታ ሄድኩ። ልከሳቸው አይደለም፣ ቀጣዮቹን ሠልጣኞች እንዲያለማምዱ ልለምናቸው ነው። ኃላፊው ፋይሌን አስወጥቶ ሰባተኛውን መስመር አሳየኝ። “ተለማምጃለሁ ብለህ ፈርመሃል እኮ” አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። በእሱ ተናድጃለሁ፣ አሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም፤ ከሱ በላይ የሚያቃጥለኝ ግን ያንን ልጅ “ፈርም” ያልኩት እኔ መሆኔ ነው።

ስለዚህ የምላችሁ ይህ ነው። “መብራት ከጠፋ ጠብቁ” የሚለውን ምክር አልቀበልም። ጀነሬተሩ ቦታው ላይ መኖሩንና መነሣቱን በዓይናችሁ ሳታዩ አትውጡ፤ ቢኖርም በእጅ መውረድ ሳትችሉ አትውጡ። የመሣሪያው መመሪያ በሴኮንድ ከ8.3 ሜትር በላይ ነፋስ ካለ አትሥሩ ይላል። እኔ ደሴ ላይ በበልግ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሰው አላወጣም፣ ነፋሱ ገና ባይነሣም።

ጠዋት ጠዋት የምናደርገው አለ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ጎንዶላው የተንጠለጠለበትን ብረት ከኋላ የሚጫኑትን ክብደቶች ራሴ እቆጥራለሁ፤ የእኛ መሣሪያ በየጎኑ 20 ባለ 25 ኪሎ ድንጋይ አለው፣ አንድ ቀን 17 ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሦስቱን ሰው በር መደገፊያ አድርጓቸው ነበር። ከዚያ ጎንዶላውን አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርገን ብሬከሩን (የመብራቱን መቁረጫ) ከታች እናወርደዋለን። ሁለቱ ሰዎች በቁጥር በእጅ ያወርዱታል። ብሬከሩን መልሰን እንደገና ትንሽ ከፍ ካልን በኋላ ሆን ብለን አንዱን ጎን አዝምመን ሎኩ መያዙን እናያለን፣ በሌላውም ጎን እንደዚያው። ክንዱ ላይ የሽቦ ምልክት ካለበት የኪራይ ጎንዶላ አልረከብም።

ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ኮንትራክተሩ “በእኔ ገንዘብ ነው የምትለማመዱት?” ብሎኝ ያውቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያውቅ ማድረግ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። በስልኬ ይዤው ነበር፣ አነበብኩለት። ግማሽ ሰዓቷን አልቆረጠብንም።

ፈተናውን የወደቀው ልጅ እስካሁን ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ አይወጣም። ግን ጠዋት ብሬከሩን የሚያወርደውም፣ “አንድ፣ ሁለት” እያለ የሚቆጥረውም እሱ ነው። ፈተናው በአማርኛ እንዲሰጠውና ልምምዱ መብራት ባለው ጎንዶላ ላይ እንዲሆን ደብዳቤ ጽፈን አስገብተናል። መልሱን እየጠበቅን ነው።