በርበሬያችን ኤርፖርት ላይ ለምን ይፈተሻል?

ፍራንክፈርት ውስጥ የሐበሻ ሱቅ አለኝ። በርበሬ ከአዲስ አበባ በአየር ጭነት አስመጣለሁ። ዕቃው ለምርመራ ሲያዝ ደንበኞቼ ይናደዳሉ። «ፈረንጅ ስለ በርበሬ ምን ያውቃል?» ይሉኛል። ንዴታቸው ይገባኛል። በዓል ደርሶ መደርደሪያዬ ባዶ ሲሆን እኔም እንቅልፍ አይወስደኝም። ምርመራው ይቅር ግን አልልም።

የሚፈለገው አፍላቶክሲን ነው። በርበሬው በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች የሚወጣ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ጉበት ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። ብታምሱት፣ ወጡ ሲንተከተክ ቢውልም አይለቅም። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው፤ ቢ1 የተባለው ክፉው ዓይነት ደግሞ ለብቻው ከ5 ማለፍ የለበትም። ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው። ይህን የማንም እናት ዓይንና አፍንጫ አይለየውም።

ናሙና ሲወስዱ ከአንድ ከረጢት ዘግነው አይሄዱም። መርዙ እኩል አይሰራጭም፤ አንዱ ጥግ ንጹሕ ሆኖ ሌላው የተበከለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከየቦታው ትንሽ ትንሽ ወስደው ይቀላቅሉታል። የላብራቶሪው ሒሳብ በእኔ ላይ ነው። ለትንሽ ነጋዴ ይከብዳል፣ እውነት ነው።

ቅላቱን አይታችሁ ብቻም አትግዙ። በ2003 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ከህንድ በመጣ የበርበሬ ዱቄት ላይ ሱዳን 1 የሚባል ለምግብ የማይፈቀድ ማቅለሚያ ተገኝቶ አውሮፓ ቁጥጥሩን ያጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ዛላው እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሳ ውኃ የሚረጩበት ነጋዴዎች አሉ። ገበሬው ፀሐይ ላይ ያደረቀውን መልሰው ያርሱታል! ለሻጋታ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም።

ለዚህ ነው ዱቄት የማልገዛው። አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ዛላውን ገዝታ ራሷ ታስፈጫለች። መጀመሪያ ከየማዳበሪያው እያነሳች ጆሮዋ ሥር ትነቀንቀዋለች፤ የደረቀ ከሆነ ፍሬው ይንሿሿል። ከዚያ ሰንጥቃ ውስጡን በቪዲዮ ታሳየኛለች። ፍሬው ላይ ግራጫ ነገር ካየን ያ ማዳበሪያ ወፍጮ ቤት አይሄድም። ይህ ላብራቶሪውን አይተካም፤ የባሰውን ግን ከሥሩ ያስቀራል። የወደቀውን ማዳበሪያ ወደ ገበያ እንዳትመልሰው ነግሬያታለሁ፤ ኪሳራውን እኔ እችላለሁ።