ጓንቱ ደህና ነው፤ የሚተነፍሰው ሌላ ቦታ ነው

ጓንት በተገጠመለት ዝግ ሳጥን፣ ማለትም አየር የማይነካው ሥራ እጅን በጓንት አስገብተው በሚሠሩበት ሳጥን፣ የሠራ ሰው ይህን ነገር ሳያየው አይቀርም። ማታ ኦክስጅን መለኪያው ዝቅ ብሎ ትተኸው ትሄዳለህ። ጠዋት ስትመጣ ቁጥሩ ወጥቶ ይጠብቅሃል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ "ጓንቱ ተበስቷል፤ ይቀየር" ይላል።

እኔ የምሠራበት ሳጥን አርጎን በሚባል፣ ከሌላ ነገር ጋር በማይዋሃድ ጋዝ የሚሞላ ነው። ጓንቶቹ ገና አዲስ ነበሩ፤ ቁጥሩ ግን ይወጣል። ስለዚህ ጓንቱን ከመክሰስ በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ መለየት ፈለግኩ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ይበልጣል። ታዲያ አየር እንዴት ተገፍቶ ይገባል? ተገፍቶ አይገባም። ውጭ 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን አለ፤ ውስጥ ከሚሊዮን ጥቂት እጅ ነው። ይህ ልዩነት ብቻውን ኦክስጅኑን በላስቲኩ ውስጥ አሳልፎ ያስገባዋል። ላስቲክ ቀዳዳ ባይኖረውም ጋዝ ቀስ ብሎ ያልፍበታል። በጣም ጠባብ ስንጥቅም ካለ አርጎኑ እየወጣ ኦክስጅን በተቃራኒው ሊገባ ይችላል። የግፊት መለኪያው ጤነኛ መስሎ የኦክስጅኑ ቁጥር የሚጨምረው ለዚህ ነው።

ቦታውን ለመለየት የረዳኝ የጓንት ቀዳዳው የውስጥ ክዳን ነው። ክዳኑ ጓንቱ የሚታሰርበትን ቀለበት ከሳጥኑ ውስጥ በኩል ይዘጋዋል፤ ጓንቱና የጓንቱ ማሰሪያ ከክዳኑ ውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነው። ክዳኑ ሲገባ የኦክስጅኑ መጨመር ከቆመ፣ ጥፋቱ ጓንቱ ወይም ማሰሪያው ነው። ካልቆመ ቀለበቱ ከመስታወቱ ጋር የሚገናኝበትን፣ አለዚያም ሌላ ቦታ ፈልግ። አንዱን ቀዳዳ ዘግቼ ቁጥሩን መዘገብኩ፤ ከዚያ ሌላውን። በሁለቱም ክዳን ገብቶ ቁጥሩ መውጣቱን አልተወም። ጓንቶቹ ነፃ ወጡ ማለት ነው።

ግፊቱን ትንሽ ከፍ አድርጌ በቀለበቶቹ ዙሪያ የሳሙና ውሃ ቀባሁ። በቀኝ በኩል፣ ከታች፣ በሁለት ቡሎኖች መካከል ትናንሽ አረፋዎች ተከታትለው ወጡ። እዚህ ላይ ግን አትታለል፤ አረፋ አለመኖሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ትንሽ ፍሳሽ አረፋ አይሠራም፤ እሱን የሚያገኘው ሾልኮ የሚያልፍ ሂሊየም ጋዝን የሚለይ መመርመሪያ ነው።

ሳጥኑን አራግፌ ቀለበቱን ፈታሁት። ኦሪንጉ፣ ማለትም ቀለበቱን ከመስታወቱ ጋር የሚያሽገው ክብ ላስቲክ፣ ክብነቱ ጠፍቶ በአንድ ጎኑ ተዘርግቷል። ለረጅም ጊዜ ተጨፍልቆ የቆየ ላስቲክ ሲለቀቅ ወደ ቅርፁ አይመለስም፤ ሲለጠጥና ሲጨመቅ መልሶ የሚገፋበትን ኃይል አጥቷል። ይባስ ብሎ ከላስቲክ ገመድ ተቆርጦ ጫፍ ለጫፍ የተጣበቀ ኦሪንግ ነበር፤ መጋጠሚያውም ልክ አረፋው በወጣበት ቦታ ተከፍቷል። ለጊዜያዊ ሥራ እሺ ነው፤ ለእንደዚህ ያለ ቦታ ግን ወጥ ሆኖ የተቀረጸ ኦሪንግ ይሻላል።

ላስቲኩን መምረጥ ላይ ጊዜ ወሰድኩ፤ መውሰድም ይገባል። ሲልከን ለስላሳና ሙቀት የሚችል ስለሆነ ብዙ ሰው ይወደዋል። ኦክስጅን በማሳለፍ በኩል ግን ቡታይል ከሚባለው ላስቲክ በመቶዎች እጥፍ ይከፋል። ቡታይል ጋዝና እርጥበት በመከልከል ከላስቲኮች ሁሉ የተሻለ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ከነዳጅና ከዘይት ጋር ግን አይስማማም። ቪተን የሚባለው ላስቲክ ዘይትን ይችላል፤ እንደ አሴቶን ያሉ ኬሚካሎች ግን ያሳብጡታል። ሳጥኑ ውስጥ ዘይት ስለማንጠቀም ቡታይል መረጥኩ። ቅባቱንም ከላስቲኩ ጋር አገናዝብ፤ የነዳጅ ዘር ግሪስ ቡታይልንም፣ ኢፒዲኤም የሚባለውን ላስቲክም ያሳብጣል። እኔ የቫኪዩም ሲልከን ግሪስ፣ ላስቲኩ እንዲያብረቀርቅ ያህል ብቻ ቀባሁ። ግሪስ ጭረት ይደፍናል ብሎ ማፈስ አጉል ተስፋ ነው።

ኦሪንጉ የሚቀመጥበትን ቦይ በፕላስቲክ ቁራጭና በአልኮል አጸዳሁት። ካቻቢቴ አላስጠጋሁም፤ ቦዩን የሚያቋርጥ አንድ ጭረት ለጋዝ መንገድ ከፈተ ማለት ነው። ኦሪንጉን ሳላጣምም አስገባሁ። ቡሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቅኩ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቅኩ። አንዱን ጎን ቀድመህ ካጠበቅክ ሌላው ጎን በቂ ጭምቀት አያገኝም። ለማይንቀሳቀስ ማሸጊያ ከኦሪንጉ ውፍረት ከ15 እስከ 30 በመቶ መጨመቅ የተለመደ ነው።

ፍተሻው ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በሙቀት ነው። በክፍል ሙቀት የታሸገ ጋዝ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀየር ግፊቱ ወደ 340 ፓስካል ይቀየራል። ሳጥኑ የሚሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውጭው ግፊት በጥቂት መቶ ፓስካል ብቻ በልጦ ነው። ፀሐይ መስኮቱን ብትመታ ፍሳሹ ይሸፈናል፤ ክፍሉ ቢቀዘቅዝ ደግሞ የሌለ ፍሳሽ ይታያል። ጓንቶቹም እንደ ፊኛ እየተነፉና እየሟሸሹ ንባቡን ያበላሻሉ። ስለዚህ ክዳኖቹን ዘጋሁ፤ ሙቀቱ እስኪረጋ ጠበቅኩ፤ ግፊትን፣ ሙቀትንና የውጭውን አየር ግፊት አንድ ላይ መዘገብኩ። ለማነጻጸር አይኤስኦ 10648-2 የሚባል የዝግ ሳጥኖች ፍሳሽ መመዘኛ አለ፤ ከደረጃዎቹ ጥብቁ ክፍል 1 በሰዓት ከሳጥኑ ይዘት ከ0.05 በመቶ በላይ ፍሳሽ አይፈቅድም። የእኔ ሳጥን ለዚያ ደረጃ የተሠራ አይደለም፤ ኦክስጅኑ ግን በአዳር መጨመሩን ተወ።

አሁን ትርፍ ኦሪንጎቹን ከብርሃን ራቅ አድርጌ፣ በከረጢት፣ ሳይታጠፉ አስቀምጣለሁ። ሚስማር ላይ አይሰቀሉም፤ የተሰቀለበት ቦታ ይለጠጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር አጠገብም አይቀመጡም፤ ከሞተር የሚወጣ ኦዞን የሚባል ጋዝ በተለይ ናይትራይል የሚባለውን ላስቲክ ይሰነጣጥቀዋል። ቀለበቱን በፈታሁ ቁጥርም አሮጌውን ኦሪንግ አልመልሰውም፤ ደህና ቢመስልም ይጣላል።